ሠርጉን የረሳው ባሕር

በአንድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ባሕር ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። የመዝገብ ስማቸውን የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ሌላው ሁሉ «አባ ሞገድ» ይላቸው ነበር። ስሙን ያወጡላቸው የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው ይባላል። አንድ ቀን ወለሉን ሲወለውሉ፣ ሰውየው ከወንበራቸው ሳይነሡ እግራቸውን ብቻ ወደ ላይ ሰቅለው ስክሪኑን ሲመለከቱ አይተው፣ «እኚህ ሰው ቤቱ በውኃ ቢሞላ እንኳ የሚያዩት ያንኑ የራሳቸውን ሞገድ ነው» አሉ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

አባ ሞገድ ሥራቸውን ለማያውቅ ሰው ቀስ ብለው ያስረዱ ነበር። ባሕሩን በሐሳብ በትናንሽ አራት ማዕዘን ክፍሎች ይከፋፍሉታል፤ ላዩንም፣ መካከሉንም፣ ጥልቁንም። ለእያንዳንዱ ክፍል ሙቀቱን፣ ጨዋማነቱን፣ የሚጓዝበትን አቅጣጫና ፍጥነት በቁጥር ይሰጡታል። ከዚያም የነፋሱን፣ የፀሐዩንና ወደ ባሕሩ የሚገባውን የወንዝ ውኃ ልክ እየመገቡ ኮምፒውተሩን «ቀጥል» ይሉታል። ኮምፒውተሩም ቀን በቀን እያሰላ፣ ዓመትን በዓመት ላይ እየደረበ፣ ከቁጥር የተሠራ ባሕር ያቆማል። ዕድሜያቸውን የበላው ጥያቄ አንድ ነበር፤ የባሕሩ ዝውውር ከዓመት ዓመት ለምን ይለዋወጣል? ዘንድሮ ወደ ውጭ የሄደ ውኃ በሚቀጥለው ዓመት ለምን ፊቱን ወደ የብስ ያዞራል?

ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ከመክፈታቸው በፊት ያማትቡ ነበር። «የእርሱን ሥራ በትንሹ ልቀዳ ነውና ፈቃድ መጠየቅ ይገባኛል» ይላሉ።

የክፍሉ ኃላፊ ሥራውን ከእጃቸው የተማረ፣ አሁን ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ በበሩ ሲያልፍ «ታዲያ ዛሬ ፈቀደልዎ?» ይላቸዋል።

«እስካሁን አልከለከለኝም።»

ታላቅ እኅታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ባሕሩ ወደ የብስ ገባ ብሎ እንደ ጉያ በተቀመጠበት መንደር ይኖራሉ። ሠላሳ ቤት ነው። ባላቸው ካረፉ በኋላ አንዲት ልጃቸውን ድረው፣ የዓሣ አጥማጆችን መረብ እየጠገኑ ማንንም ሳያስቸግሩ የሚያድሩ ሴት ናቸው። እሑድ እሑድ አባ ሞገድ ከጸሎት መልስ ወደ እርሳቸው ይሄዳሉ፤ «እታለም» ይሏቸዋል፣ «ወንድምዓለም» ይባላሉ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አይነጋገሩም። አንዱ ሊናገር ያሰበውን ሌላው ቀድሞ የሚያውቀው ዓይነት ዝምታ ነው።

አባ ሞገድ ጡረታ ከመውጣታቸው ሁለት ዓመት በፊት ከተማው የቆሻሻ ፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦ ወደ ባሕር ሊዘረጋ አሰበ። ጥያቄውም ወደ አባ ሞገድ ጠረጴዛ መጣ፤ የቱቦው አፍ ከመንደሩ ፊት ለፊት ሁለት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ቢቀመጥ፣ ከአሥር ዓመት በስንቱ ውኃው ወደ መንደሩ ይዞራል? አባ ሞገድ የሃያ ዓመት የነፋስ መዝገብ መገቡና የቁጥር ባሕራቸውን አስኬዱት። በሁለተኛውና በአራተኛው ዓመት ዞረ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልዞረም። «ባሕሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየተረጋጋ መጥቷል» ብለው ጻፉ። ከሃያ ሁለት፣ ማለትም ከአሥር አንድ። ይህ አዲስ ግኝት ነው ተብሎ በስብሰባ ተመሰገኑ፤ እርሳቸውም ምስጋናው ለእኔ አይገባም ብለው በዚያው ሳምንት ሻማ አበሩ።

የመንደሩ ሰዎች ግን መሐንዲሶቹን አላመኑም። አባ ሞገድም መጥተው «ከአሥር አንድ ነው» ብለው አስረዷቸው፤ ያም ሆኖ የስምምነቱ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንድም ሰው ብዕር አላነሣም ነበር። በኋላ የአባ ሞገድ እኅት ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«መሐንዲሱን አላውቀውም፤ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ወንድሜን ግን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኖ እናታችን ሽንብራ ስትሰፍር አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ አንድ ፍሬ ከወደቀ 'እማዬ ጎደለ' እያለ የሚያስጨንቃት ልጅ ነበር። እሱ ባሕሩን ቆጥሮ አንድ ካለ፣ አንድ ነው።»

በመጀመሪያው መስመር ላይ ፈረሙ። ሌሎቹም ተከትለው ፈረሙ።

አባ ሞገድ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ ቱቦው ተዘርግቶ ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እኅታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መሥሪያ ቤቱ መጡ። ሦስቱን ፎቅ በእግራቸው ወጥተው፣ ወንበሩ ላይ አረፍ ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ስክሪኑን ተመለከቱ።

«ሃያ ስድስት ዓመት 'ባሕር አለኝ' ስትለኝ የኖርከው ይኼንን ነው? የተነከረ ጨርቅ ይመስላል።»

«ቀይ ቀዩ የሚፈጥነው ውኃ ነው፤ ሰማያዊው ዝግ የሚለው። እታለም፣ አንድ ቀን ምረጪ። ከሃያው ዓመት ውስጥ ደስ ያለሽን ቀን። የዚያን ቀን ባሕር አወጣልሻለሁ።»

«የልጄን ሠርግ!» አሉ እኅታቸው ሳያስቡ።

«እኔም እሱን ትያለሽ ብዬ ነው የጠበቅሁት።»

ያ ሠርግ በመንደሩ እስከ ዛሬ ይወራል። በዓመቱ የመጀመሪያ ወር ነበር። ከምሳ በኋላ አውሎ ነፋሱ ተነሥቶ ድንኳኑን ከነካስማው ነቅሎ ባሕር ውስጥ ጨመረው። የሙሽራው አባት ባርኔጣቸውን ሲያባርሩ ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ገቡ፤ ሙሽራይቱ ጀልባ ሠሪው ቤት ውስጥ፣ በመጋዝና በመላጊያ መካከል ቆማ ፎቶግራፍ ተነሣች። በመዝገቡ አቆጣጠር አሥራ ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው።

አባ ሞገድ ቀኑን ጻፉና ቁልፉን ተጫኑ። ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ተኝቷል።

«የታለ?» አሉ እኅታቸው።

«ይመጣል።» አንድ ቀን ወደፊት ሄዱ። የለም። አንድ ቀን ወደኋላ ተመለሱ። የለም።

እኅታቸው ሳቃቸው መጣ። «ወንድምዓለም፣ ባሕርህ ሠርጋችንን ረስቶታል! ወይስ የጥሪ ወረቀቱ አልደረሰውም?»

አባ ሞገድም ሳቁ። እኅታቸውን እስከ አውቶቡሱ ሸኝተው ተመለሱ፤ በሩን ዘጉ፤ ቀኑን አንድ በአንድ ወደፊት ይገፉ ጀመር። ሁለት ሳምንት፣ ረጋ ያለ ባሕር። አንድ ወር። ሁለት ወር። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ድንገት ደም መሰለ፤ ድንኳኑን የበላው አውሎ ነፋስ መጣ። ቆጠሩት፤ ስልሳ ሦስት ቀን ዘግይቶ ነው የመጣው።

ስልሳ ሦስት። ከሠርጉ በፊት በመዝገቡ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል፤ አሥራ ሁለት ጊዜ አምስት ስልሳ ነው። በየአራት ዓመቱ የምትጨመረው አንዲት ቀን ደግሞ በአሥራ ሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ትመጣለች። አባ ሞገድ ይህን በጣታቸው ቆጥረው ሲጨርሱ፣ ነፋሱን የሚያነበውን የድሮ ትእዛዛቸውን ከፈቱ።

በሙያው ዘንድ የተለመደ አሠራር አለ። ስሌቱ እንዲቀል ሲባል የቁጥር ባሕር ዓመት አሥራ ሁለት ወር፣ ወሩም ሁሉ እኩል ሠላሳ ቀን፣ በድምሩ ሦስት መቶ ስልሳ ቀን ይደረጋል። የነፋሱ መዝገብ ግን በየቀኑ ተለክቶ የተጻፈ ነውና ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን አለው። አባ ሞገድ በጎልማሳነታቸው በገዛ እጃቸው በጻፉት አንዲት መስመር ኮምፒውተሩን «ለአንድ ቀን አንድ ነፋስ አንብብ» ብለው አዝዘውታል። አምስቱን ትርፍ ቀናት ግን ምን እንደሚያደርጋቸው አልነገሩትም። ኮምፒውተር የታዘዘውን ነው የሚያደርገው፤ የመጀመሪያውን ዓመት አምስት ትርፍ ነፋሳት ወደ ሁለተኛው ዓመት አሻገረ፣ ሁለተኛው አሥሩን ለሦስተኛው አስረከበ፣ እንዲህ እያለ በሃያኛው ዓመት ነፋሱ ከእውነተኛው ቀኑ መቶ ቀን ያህል ወደኋላ ቀርቶ ነበር። ፀሐዩና የወንዙ ውኃ በየወራቸው ስለሚገቡ በጋው በጋ፣ ክረምቱም ክረምት ይመስላል። ዓይን የሚያየው ሁሉ ትክክል ነበር። ቀኑን ለይቶ የተመለከተም አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው የዓመቱን አማካይ ነው።

አባ ሞገድን የሰበራቸው ግን የቀኑ መዛነፍ ብቻ አይደለም። ውኃው ወደ መንደሩ የሚዞረው ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍሰው የምዕራብ ነፋስ ከወንዙ ሙላት ጋር በአንድ ወር ሲገናኝ ነው። በቁጥሩ ባሕር ውስጥ ሁለቱ በየዓመቱ በአምስት ቀን እየተራራቁ፣ ቀጠሮ እንደተሳሳቱ ሰዎች ተላልፈው ቀሩ። የተገናኙት ገና ብዙ ሳይራራቁ በሁለተኛውና በአራተኛው ዓመት ብቻ ነው። «ባሕሩ እየተረጋጋ መጥቷል» ብለው የጻፉት ይህንን ነበር። ሻማም ያበሩለት ይህንኑ ነው።

በማግሥቱ ኃላፊው ቢሮ ገብተው ሁሉንም ተናገሩ። ኃላፊው ሰምቶ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«እንደገና ለማስኬድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ዘጠኝ ሳምንት።»

«ቱቦው ደግሞ በሦስት ሳምንት ይከፈታል። አባ ሞገድ፣ መጀመሪያ ያስኪዱት። ቁጥር በእጄ ሳልይዝ ማን ዘንድ ሄጄ ነው 'ተሳስተናል' የምለው?»

«የተሳሳተውን ቁጥር ይዘህ ስትሄድ ግን ማንም አልመለሰህም።»

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያው ቀን ደብዳቤ ጽፎ፣ እርሳቸውን አስነብቦ፣ ማኅተም አሳርፎ ላከው። ደብዳቤው በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። በኅዳጉ ላይ በቀይ ብዕር «ታይቷል፤ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» የሚል ተጽፎበታል። አባ ሞገድ ወደ ቱቦው መሐንዲስ ስልክ ደወሉ። መሐንዲሱ በትሕትና አዳመጣቸው፤ «አባቴ፣ እኔ ቱቦ ነው የምዘረጋው፤ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት» አላቸው። ሰውየው የተናገረው እውነት ነውና ስልኩን አስቀመጡ።

እሑድ ወደ መንደሩ ሄዱ። እኅታቸው ደጃፉ ላይ መረብ ዘርግተው ይጠግኑ ነበር። አባ ሞገድ አጠገባቸው ተቀምጠው ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረው አወሩ። እኅታቸው መርፌያቸውን አላቆሙም።

«እና አንድ ያልከው ስንት ሊሆን ነው?»

«ሳይሰላ አላውቅም፣ እታለም። ግን ይበልጣል።»

መርፌው ሁለት ሦስት የመረብ ዓይን አለፈ።

«እኔ ፈርሜያለሁ» አሉ እኅታቸው።

«ዐውቃለሁ።»

«በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው የፈረምኩት።»

አባ ሞገድ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። እኅታቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በቀለላቸው። መረቡን አጥፈው ተነሡና «ና፤ ለእኔ የነገርከኝን ለእነሱም ንገራቸው» ብለው መንደርተኛውን ጠሩ።

ሰዎቹ በጀልባ ሠሪው ግቢ፣ በእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ቆመው ሰሟቸው። አባ ሞገድ ስለ አምስቱ ቀናት፣ ስለ ነፋሱ መዘግየት፣ ስለ ሠርጉ ማዕበል ተናገሩ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲጨርሱ ጀልባ ሠሪው በፈገግታ ተመለከታቸው።

«አባ ሞገድ፣ እርስዎ ጠንቃቃ ሰው ነዎት። ጡረታ ሲቃረብ ሰው የሠራውን ሁሉ ይጠራጠራል። እኔም አሁን አሁን ሱቄን ቆልፌ ሦስት ጊዜ ተመልሼ መነካካት ጀምሬያለሁ።»

«ሚስትህን ውስጥ ቆልፈህባት ሄደህ ነበራ!» አለ አንዱ፤ ሳቅ ሆነ።

«የእኔ ጥርጣሬ አይደለም» አሉ አባ ሞገድ። «ስሕተት ነው። የእኔ ስሕተት።»

አንዲት ዓሣ ሻጭ ከኋላ ቆማ «ያን ጊዜ 'አንድ ነው' ሲሉን ድምፅዎ ቀጥ ያለ ነበር» አለች። «ዛሬ ይርገበገባል። እኔ የማምነው ያንን ነው።»

በሐሰተኛው ቁጥር ያገኙትን እምነት በእውነተኛው ሊያፈርሱት አልቻሉም። ሰዎቹ ትከሻቸውን እየመቱ፣ ዕረፍት እንደሚያስፈልጋቸው እየመከሩ ተበተኑ። እኅታቸው ብቻ ከግቢው በር ላይ ቆመው ወደ ባሕሩ ይመለከቱ ነበር።

ቱቦው በተባለው ቀን ተከፈተ። ዘጠኙ ሳምንት አለፈና አዲሱ ስሌት ወጣ፤ ከሃያ ስምንት፤ ከአሥር አራት። አዲስ ደብዳቤ ተጻፈ። በቀይ ብዕር «ታይቷል» ተብሎ ተመለሰ። አባ ሞገድ ጡረታ በወጡበት ዕለት ባልደረቦቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ስጦታ ሰጧቸው። በሚያምር እንጨት የተለበጠ ትልቅ ሥዕል ነው፤ የሃያው ዓመት የባሕሩ ዝውውር፣ ያ የመጀመሪያው፣ ያ የተሳሳተው። ማን መርጦ እንዳሳተመው አልጠየቁም። በፍቅር የተሰጠውን መመለስ አልሆነላቸውም። አመስግነው ተቀበሉ፤ ቤታቸው ወስደው ከበሩ ኋላ፣ በሩ ሲከፈት በሚሸፈንበት በኩል ሰቀሉት።

ከዚያ በኋላ የቀራቸው ሥራ አንድ ብቻ ሆነ። ከእኅታቸው ያረጁ መረቦች ላይ ለማንሳፈፊያ የታሰሩትን ቡሾች ለቅመው፣ ውኃው ወዴት እንደሚወስዳቸው ለማወቅ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ጻፉባቸው። በየወሩ መጀመሪያ ጀልባ ሠሪው ወደ ቱቦው አፍ ወስዶ ጥቂቱን ይጥልላቸው ነበር። የመጀመሪያው ዓመት አለፈ፤ የወንዙ ሙላት መጣ፤ ነፋሱ ግን ደካማ ነበር፤ አንድም ቡሽ አልተመለሰም።

«አባ ሞገድ!» ይላቸዋል ጀልባ ሠሪው ከሩቅ። «ቡሾችዎ ከሄዱበት ደብዳቤ አልጻፉልዎትም?»

«ገና ናቸው።»

በዚያ ዓመት ጸሎታቸው እንግዳ ሆነባቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ እንዳይሳሳቱ ሲለምኑ የኖሩ ሰው፣ አሁን ስሌቴን ሐሰት አድርገው እያሉ ይለምኑ ጀመር። በአዲሱ ስሌትም ተሳስተው እንዲገኙ ፈለጉ። ይህን መለመን ይገባል አይገባም ብለው ራሳቸውን ጠየቁ፤ መልስ አላገኙም፤ ግን አላቋረጡም።

በሁለተኛው ዓመት ወንዙ ሲሞላ የምዕራቡ ነፋስ ዕለቱን ሳያዛንፍ ተነሣ። ሦስት ቀን ሌትና ቀን ነፈሰ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አባ ሞገድ በእኅታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። እኅታቸው ከውኃው ዳር በቀስታ ወጥተው መጡና መዳፋቸውን ዘረጉ። የያዙት እርጥብ ቡሽ ነው፤ ሽታው ከእርሳቸው ቀድሞ ደርሷል።

«ይኼ አሥራ ሰባት የሚለው ያንተ ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ ነው፣ እታለም።»

እኅታቸው ቡሹን ደረጃው ላይ አስቀመጡት። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ደግመው ታጠቡ። እስከ ቀትር ድረስ ዘጠኝ ቡሽ ተገኘ። ውኃው መልኩን ለውጦ፣ ዳርቻው ላይ ስም የሌለው ቅባት ተኝቶበት ነበር። መረብ ሊያጥቡ የወረዱት ሰዎች መረባቸውን እንደታቀፉ ተመለሱ። ጀልባ ሠሪው ቆቡን አውልቆ በእጁ እያሻሸ መጣ፤ ከኋላው ዓሣ ሻጯ። ዛሬ የሚቀልድ አልነበረም።

«አባ ሞገድ» አለ ጀልባ ሠሪው። «ምን እናድርግ?»

የሚደረግ ነገር አልነበረም። ቱቦው ከባሕር በታች ተቀብሯል፤ ደብዳቤው ከፋይሉ ጋር ተያይዟል፤ የእኅታቸው ፊርማ በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው።

«እሺ፣ እስከ መቼ ነው?» አለች ዓሣ ሻጯ። «ይኼንንስ ይነግሩናል?»

ይህን ያውቁ ነበር። በአዲሱ ስሌት ውስጥ ስምንቱንም ዓመት አንድ በአንድ አይተዋቸዋል።

«ስድስት ሳምንት» አሉ አባ ሞገድ። ድምፃቸው በጀልባ ሠሪው ግቢ እንደተናገሩበት ቀን ይርገበገብ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ሁሉም አመኗቸው። ዓሣ ሻጯ ራሷን ነቀነቀች፤ ጀልባ ሠሪው ቆቡን አጠለቀ፤ ስድስት ሳምንት የሚታገሡት መሆኑንና አለመሆኑን ለማሰብ ወደየቤታቸው ሄዱ።

እኅታቸው ያልታጠበውን መረብ ደጃፉ ላይ ዘረጉ። መርፌውን አውጥተው ክር ሊያስገቡበት ሞከሩ፤ ሦስት ጊዜ ሳተ። በአራተኛው ገባ።

«ያዝልኝ እስቲ በዚያ ጫፍ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ብቻዬን አይወጠርልኝም።»

አባ ሞገድ ጫፉን ያዙ። እስከ ማታ ያዙት። ውኃው ፊቱን መልሶ ወደ ውጭ ያዞረው በስድስተኛው ሳምንት፣ ባሉት ቀን ነው።